የመርሳው ግራ እግረኛ

ዓሪፍ አብዱልሐሊምን መርሳ ውስጥ በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች። ሌላው ሰው ሁሉ «ስፔኑ» ነው የሚለው። ስፔን የዓለም ዋንጫን ባነሳችበት ክረምት ከሰልባጅ ተራ ቀይ ማሊያ ገዝቶ፣ እሱን እንደለበሰ ተከላካዩን ሁሉ በግራ እግሩ አልፎ ጎል ስላገባ ነው። ከዚያ ወዲያ ስሙ አልወረደለትም። ምነው በቀረበት! ያ ስም ነው ልጁን የበላው።

ስፔኑ ደግሞ የራሱ ስፔናዊ ነበረው። ኦልሜዶ የሚባል፣ እኩያው የሆነ፣ እንደሱ በግራ መስመር የሚሮጥ ልጅ። አንድ ቅዳሜ ከጓደኛው ከሄኖክ ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠው ሲያዩ ይህ ልጅ ተቀይሮ ገባ፤ የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ኳስ በነካ ቁጥር ሄኖክ «በማርያም! ይሄኮ አንተ ነህ! ቁርጥ አንተን!» እያለ ይጮኻል። ዓሪፍ አፉን ይዞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኦልሜዶን ነገር እንደ ወንድም ነገር ይከታተል ጀመር። «እሱ ከደረሰ እኔ ምን ይጎድለኛል?» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ምንም አይጎድለውም ነበር።

የአንድ የወልድያ ክለብ አሰልጣኝ፣ በላይ የሚባል፣ መርሳ ድረስ መጥቶ አየው። አይቶም ዝም አላለም። በገበያ ቀን፣ ሰው ግጥም ባለበት መሀል፣ የልጁን አባት ጨብጦ «ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ይሄ ልጅ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የመላው ወረዳው፣ የሀብሩ ኩራት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከኔ ጋር ነው» አላቸው። አብዱልሐሊም ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። የሽንኩርት ማሳቸውን ትተው ቀኑን ሙሉ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ሲዞሩ ዋሉ።

መስከረም ሳይጠባ ነው ጉዱ የፈላው። የዓሪፍ የአጎት ልጅ አማን በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤቱ ተጣልቶ፣ በአካፋ መትቶ ገደለው። ዕለቱን እጁን ሰጥቶ ወህኒ ወረደ። መንግሥት ፈረደ፤ የመንግሥት ፍርድ ግን ለመንግሥት ነው። ለሟች ወንድም ለይመር ደሙ እንዳለ ነው። ደግሞ በነሱ ወግ ደም በተገኘው ሰው አይመለስም። ገዳዩ ከታሰረ፣ ከወገኑ ስም ያለው፣ ሁነኛ የተባለው ተመርጦ ነው የሚገደለው። እንግዲህ የነአማን ዘመድ አንድ በአንድ ቢታይ ማን ስም አለው? ሁሉም ገበሬ ነው። በገበያ መሀል «የሀብሩ ኩራት» የተባለ አንድ ልጅ ብቻ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከግቢ አትወጣም» አሉት አባቱ።

«እኔ ምን አደረግሁ አባዬ?»

«ምን ታደርጋለህ። ጎል አገባህ።» ፊታቸውን አዞሩ። «አበጋሮቹ ገብተውበታል። ደሙን እስኪያደርቁት ነው፤ አብሽር።»

አበጋር ማለት ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ደመኞችን ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነው። ቃሉ አይታለፍም፤ ግን አይቸኩልም። መጀመሪያ ሙት ዓመቱ ይውጣ ተባለ። ወጣ። ይመር «የእናቴ እንባ ሳይደርቅ» አለ። ከሟች ዘመዶች አንዱ ራያ ነው ያለው፣ እሱ ሳይመጣ አይሆንም ተባለ። እሱ ሲመጣ ደግሞ ታላቁ አበጋር ታመሙ። ዓሪፍ ይህን በሰማ ቁጥር ጥርሱን እያፋጨ ኳሷን ከግንቡ ጋር ያላትማታል። ግቢው እኮ ማንጎ ዛፍ ቆሞበት፣ ፍየል ታስራበት፣ ለአንድ ሰው መዞሪያም አይበቃ! የመስመር ተጫዋች ነው፤ የት ይሩጥ? እስቲ ይህን ማን ይጠይቅለት!

እናቱ ነሲባ በበኩሏ የራሷን መላ መታች። ልጄን የሚያስገድለው ስሙ ከሆነ፣ ስሙን ማጥፋት ነዋ! ገበያ ወጥታ ማንጎ በሸጠች ቁጥር ለሰማ ላልሰማው ታወራለች።

«ስፔኑ ስፔኑ ትላላችሁ፤ ምን ኳስ ያውቃል እሱ? እግሩ ዝሏል። ሲነጋም ሲመሽም እንቅልፍ ነው። ወየው ጉዴ፣ እኔስ ምን ዓይነቱን ሰነፍ ወለድኩ!»

ወሬውን የለቀቀችው ይመር ጋ ይድረስ ብላ ነው። መጀመሪያ የደረሰው ግን ወልድያ፣ አሰልጣኝ በላይ ጆሮ ነው። «ልጁ ሰንፏል አሉኝ» አለና ሌላ ግራ እግረኛ አስፈረመ። ዓሪፍ ይህን ሲሰማ እናቱን ምን ይበላት? ከሞት ልታተርፈው ነው። እሷ ገበያ ስትወጣ የማንጎውን ግንድ በእግሩ ሲነርተው ዋለ።

ሄኖክ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዲኤስቲቪ ቤት ሲመለስ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወሬ ያቀብለዋል። ኦልሜዶ በውሰት ለሌላ ክለብ ተሰጠ። ኦልሜዶ ጎል አገባ። ኋላ ደግሞ ኦልሜዶ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ቀዶ ሕክምና ገባ።

«ስምንት ወር አይጫወትም አሉ። ሲያሳዝን!»

ዓሪፍ ግንፍል አለ። «ምኑ ነው የሚያሳዝነው? ሐኪም አለው! የሚያሸው አለው! የሚመለስበትን ጊዜ እንኳ ነግረውታል! የኔ ጉልበት ምን ሆነ? ምንም! ደህና ጉልበት ይዤ ከፍየል ጋር እውላለሁ!» ሄኖክ ከአጥሩ ወረደ።

አንድ ቀን ብሶበት ጠፋ። ሐራ ከተማ ላይ ሁለት ቡድኖች ሊጋጠሙ ነው፤ አንደኛው ሰው ጎድሎታል ተብሎ ሄኖክ በሞተር ይዞት ሄደ። ዓሪፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ገባ፤ ኳሷን ሲያገኛት ኮፍያውን ወረወረው። ያን ቀን የተጫወተውን ጨዋታ ሐራ እስካሁን ያወራዋል። በመጨረሻ በረኛው ላይ ሳይቀር አብዶ ሠርቶ፣ እሱን መሬት ላይ አስተኝቶ ኳሷን ይዞ መረብ ውስጥ ገባ። ሕዝቡ ሜዳውን ጥሶ ተሸከመው፤ እስከ ሞተሩ ድረስ እግሩ መሬት አልነካም። ቤት ሲገባ አባቱ አልተቆጡትም። ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ሲያለቅሱ አያቸው። አባቱን ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም ነበርና ከዚያ ወዲያ ከግቢ አልወጣም።

ስንት ነገር ካለፈ በኋላ ደሙ ደረቀ። አበጋሮቹ ሁለቱን ወገን ወንዝ ዳር አስቀመጡ፤ ዱዓ ተደረገ፣ በሬ ታረደ፣ የደም ካሣው ተከፈለ። ይመርና ዓሪፍ ከአንድ ሳህን በሉ። «ከእንግዲህ ወንድማማች ናችሁ፤ የአንዱ ደስታ የሌላው ነው። ይህን ያፈረሰ ዘሩ አይብቀል!» አሉ ታላቁ አበጋር። «አሚን!» ተባለ። ይመር ዓሪፍን አቅፎ ሳመው። ይመር ሲጠላም ሲምልም ከልቡ ነው፤ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም።

ሄኖክ ወልድያ ሄዶ አሰልጣኝ በላይን ለመነ፣ ደጅ ጠና። «እሺ፣ አንድ ጊዜ ልየው» አለ በላይ። የሙከራው ቀን ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ ዓሪፍ ታኬታውን ጭኑ ላይ ይዞ፣ እየሳቀ፣ ሄኖክን «ኦልሜዶስ?» አለው። «ድኖ ገባ እኮ! አንተም እንደሱ ነህ» አለው ሄኖክ።

ሜዳ ገባ። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲቀበላት ሁለት ሰው መጣበት፤ በዚያች ጠባብ ግቢ ዛፍና ፍየል ሲያልፍ እንደከረመው ሁለቱንም ጥሏቸው ወጣ። «እሰይ!» አለ በላይ። ልጁ ያው ልጅ ነው። ያኔ ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው ተነስቶ ቆመ።

«አብሽር ስፔኑ! አብሽር!»

ይመር ነው። ወንድሙ ነዋ፣ ሊደግፈው መጥቶ! ጋቢውን እንዳጣፋ ቆሟል። ዓሪፍ ድምፁን ሲሰማ ደርቆ ቀረ፤ ኳሷ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። እንደገና ሰጡት። «አብሽር!» ሲል ይመር፣ ዓሪፍ አንገቱ ሳያዘው ዞረ፤ ኳሷን ቀሙት። ሌላም መጣች። አሁን ኳሷን ጭራሽ አላያትም፤ የሚያየው የይመርን እጆች ነው፣ ከጋቢው ውጭ ናቸው ወይስ ውስጥ? እርቁን ያውቃል፤ አብሮ በልቷል፤ አንገቱ ግን አልሰማ አለው። በራሱ ላይ የተናደደው ንዴት!

በላይ ጠራው። «ዋሽተውኛል፤ እግርህስ አልሰነፈም። ግን ኳሷ እዚህ ናት፤ አንተ ማንን ነው የምታየው?»

«ማንንም» አለ ዓሪፍ። ምን ይበል? ደጋፊዬን ፈራሁት ይበል?

«ለኔ ቡድን አትሆነኝም ልጄ። ይቅር በለኝ» አለ በላይ።

ከሜዳው ውጭ ይመር እየተንቆራጠጠ ጠበቃቸው። «ምን ነካህ? ወላሂ አቃጠልከኝ! ሥራ ፈትቼ የመጣሁት ላንተ እኮ ነው! የሐራው ጊዜ እንዲህ አልነበርክም!»

«ሐራ?» አለ ዓሪፍ።

«ሐራ ነዋ! በረኛውን ያስተኛኸው!» ይመር ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ነበርኩ። ስትወጣ አይቼ ተከተልኩህ፤ በጋቢዬ ሥር ሽጉጥ ይዤ ነበር። ኳሷን ስትይዝ፣ ቆይ ይቺን ይጨርሳት አልኩ። ሌላ ያዝክ፤ ይቺንም ልያት አልኩ። በኋላ እንዲያውም ጨዋታው ይለቅ አልኩ። ሲያልቅ ሕዝቡ ተሸክሞህ ሄደ።» ራሱን ነቀነቀ። «እግርህ ነው ያተረፈህ። እንዲያ የሚጫወት ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

ሄኖክ ወደ መሬት አቀረቀረ። ዓሪፍ ቢጮኽ በወደደ። እግርህ ያስገድልሃል ተብሎ ከግንብ ጋር ሲላተም ከረመ፤ እናቱ ነፍሱን ለማዳን ብላ ይህንኑ እግር አዋረደችው፤ ደመኛው ደግሞ እግሩን አይቶ ነው የተወው! ታዲያ ማንን ይሳደብ? ይመርን እንዳይሰድብ ደግሞ፣ ዓይኑ እንባ ያቀረረው ለሱ ነው።

የመርሳ ሚኒባስ መጣ። ይመር በሩን ከፍቶ «ና፣ ከሾፌሩ ጎን ግባ፤ ዛሬ ደክመሃል» አለው፤ እሱ ከጀርባው ሊቀመጥ ነው።

«አይ ወንድሜ፣ አንተ ፊት ሁን» አለ ዓሪፍ። «እኔ ከኋላ ይሻለኛል።»

ይመር ሊግደረደር አፉን ከፈተ፤ ዓይኑን አየና ተወው። ፊት ገብቶ ተቀመጠ፤ እስከ መርሳም ወደ ኋላ አልዞረም።