ዓይነ ሜትር የቦረቦረው ክንድ

ጋራዡ ውስጥ ሁላችንም ዓይነ ሜትር እንለው ነበር። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። «የእኔ ዓይን ሜትር ነው፤ ካሊፐር የሚሉት መለኪያ የልጆች መጫወቻ ነው» ይላል። የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ የተሰጠውን ወረቀት በመስታወት አስገጥሞ ብረት ከምንልጥበት ቶርኖ በላይ ሰቅሎታል። የሥራ ኃላፊ ያደረገው ግን ወረቀቱ ሳይሆን የጋራዡን ጌታ እህት ማግባቱ ነው። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእሱ ሙያ ከምላሱ ወርዶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከድንጋይ ካባው ኤክስካቫተር መጣ። ክንዱ ጫፍ ላይ፣ ባልዲውን ከክንዱ የሚያያይዘው የብረት ፒን የሚያልፍባቸው ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳዎች ተበልተው ዕንቁላል መስለዋል። እኔ በያጁ የተበላውን በብየዳ ሞላሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ረጅም ዘንግ በሁለቱም አሳልፎ፣ ዘንጉ ላይ የታሰረው ቢላዋ እየዞረ ሁለቱን ቀዳዳ በአንድ መስመር እንዲቦረቡር ማድረግ ነው። ጭንቁ ዘንጉን መሃል ማስያዙ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆየችው እትዬ ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ትፈጃለች።

ዓይነ ሜትር ግን አጭሩን ዘንግ አንስቶ መጣ።

«በእሱ አንዱን ጎን ብቻ ነው የምትይዘው» አለችው እትዬ። «ፈትተህ ወደ ሌላው ስትዞር መስመሩ ይስትሃል።»

«እትዬ፣ አንቺ ብሎንሽን አውጪ፤ ቀዳዳውን ለወንዶች ተዪ» አላትና በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ።

ቀኙን ቦረቦረ፤ ፈትቶ ግራውን ቦረቦረ። ሁለቱም እንደ መስታወት አበሩ፤ አጠገባቸው ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ፒኑ ቀኙን አልፎ ግራው አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። በትልቁ መዶሻ ቢለው ወይ ፍንክች!

«ፒኑ ነው የወፈረው» ብሎ ፈረደ። ደህናውን ፒን ቶርኖ ላይ አስሮ ሁለት ሚሊሜትር ላጠው። አሁንማ ገባ፤ እንደ ላላ ጥርስ እየተወዛወዘ ገባ። እትዬ አንድ ጊዜ በጣቷ ነካችውና ወደ ጋራዡ ጌታ ሄዳ «ይሄ ሰው ይገድላል» አለችው። ጌታው አማቹ እንዳይቀየመው ፈርቶ ሰማይ ሰማይ አየ።

በስድስተኛው ቀን ፒኑ መቆለፊያውን በልቶ ወጣ። ባልዲው የሚጭንለትን መኪና ጋቢና እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ጨፈለቀው። ሾፌሩ ሽንቱን ሊሸና ወርዶ ስለነበር ተረፈ። ሱሪውን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

እትዬና እኔ ካባው ድረስ ሄድን። እኔ እንደገና ሞላሁ፤ እሷ ረጅሙን ዘንግ አስገብታ ቀኑን ሙሉ ስትለካ ዋለች። በማግስቱ ፀጉር በምታህል ውፍረት እየላጠች፣ እያቆመች፣ እየለካች ቦረቦረች። አዲስ የላጠችውን ፒን ዘይት ቀብታ በመዳፏ ስትገፋው ሁለቱንም አልፎ ገባ። ዓይነ ሜትር ይሄኔ ከች አለ፤ የታጠበ ካፖርት ለብሶ።

«እንዳልኳት ነው የሠራችው» አለ ለካባው ጌታ።

ሾፌሩ ይህን ሰምቶ ድንጋይ አነሳ። ባንይዘው ኖሮ የዚያ ዓይን ሜትርነት እዚያው ያበቃ ነበር።

እትዬ ለጋራዡ ጌታ አንድ ነገር ብቻ ነገረችው፦ «ከእንግዲህ ዘንግ እንዳይነካ።» ጌታው ሦስት ቀን አሰበና አማቹን የጥራት ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመው። እትዬ በዚያው ሳምንት ወጥታ የራሷን ጋራዥ ከፈተች። የካባው ጌታ ተከተላት፤ እኔም የብየዳ መነጽሬን አንስቼ ተከተልኳት።

ባለፈው በዚያ ሳልፍ ጋራዡ ጭር ብሏል። ዓይነ ሜትር በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ጥራት ይቆጣጠራል።