የዘለልኩት ገጽ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከልጁ መዋዕለ ሕፃናት የተላከ ወረቀት ይዞ፣ ልጁንም አስከትሎ ቢቸና ቤቴ መጣ። ወላጆች ለልጆቻቸው በየቀኑ ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡላቸው የሚጠይቅ ነው። «እማዬ፣ ልጁ ገና አራት ዓመቱ እኮ ነው! ምኑ ይገባዋል?» አለኝ። ወረቀቱን ሳነብ ሐሳቤ ሞጣ ደረሰ።

ሞጣ አንደኛ ክፍል እንዳስተምር ስመደብ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ከተማው አልከፋም፤ ልቤ ግን አልረጋ አለኝ። ገና በገባሁ በወሩ ወደ ቢቸና እንዲያዛውሩኝ አመለከትኩ። አከራዬ እትዬ አንጓች ማስተዋል የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። «እማ» እና «እንቢ» ከማለት አታልፍም። ጎረቤቱ «ተይዋት፣ ጊዜዋ ሲደርስ ታወራለች» ቢላቸውም ጭንቀቱ አክስቷቸው ነበር።

የመስከረም ጭቃ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ የነገውን ንባብ ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ። ማስተዋል መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ኋላ ገባች፤ ከዚያም አልጋዬ ላይ ወጣች። ሁልጊዜ የምትመርጠው ልጇን አዝላ ወንዝ የምትሻገረውን ዝንጀሮ ታሪክ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ሰልችቶኝ ነበር፤ አፌ ያነባል፣ ሐሳቤ ዝውውሬ ላይ ነው።

አንድ ቀን ቶሎ ልገላገል ብዬ ወንዙን የምትሻገርበትን ገጽ ዘለልኩ። ማስተዋል በትንሿ እጇ መጽሐፉን ያዘች።

«አልተሻገረችም!» አለች።

እትዬ አንጓች ድንች ይልጡበት የነበረውን ቢላ እንደያዙ ገቡ። «ማነው የተናገረው?» አሉ። ከሁለታችን ሌላ ሰው ሲያጡ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ጥር ላይ ዝውውሬ ተፈቀደ። መጽሐፉን ስሰጣቸው «ምን ላድርገው ልጄ? እኔ ማንበብ አልችል» አሉኝ።

«ሥዕሉን እያዩ ይንገሯት» ብዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። መንገዳችን ላይ ያለችው ግንደወይን እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ልውረድ ብዬ ተነሣሁ፤ አልወረድኩም።

ለፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ አንጓች መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የሌለበትን ያወራሉ፤ ዝንጀሮዋ ሞጣ ገበያ ወጥታ በሽንኩርት ዋጋ ትከራከራለች።

«ጨውስ?» አለች ማስተዋል። «ትናንት ጨውም ገዝታ ነበር እኮ! ዛሬ ለምን ረሳሽው?»

ሳልገባ ደጃፉ ላይ ቆሜ አዳመጥኳቸው። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ቀንቻለሁ።

ልጄ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ዕለት የልጅ ልጄን ጠርቼ ማንበብ ጀመርኩ። ልጁ ወንበር ሥር ይገባል፣ ይወጣል፣ ይዞራል። እኔስ በጉብዝናዬ መቼ አንድ ቦታ ተቀመጥኩ?

«አየሽ? አይሰማሽም» አለኝ ልጄ።

«ዝም በል» አልኩት፤ «እያነበብኩለት ነው።»