በየስድስት ቀኑ የሚመጣው አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ታቅፋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። አምስት፣ ስምንት፣ ከዚያ ሁለት ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አሥራ ሰባት ተብሎ ተጽፏል። የጎደለውን ሙሉ ነው ጥያቄው። አሥራ አንድና አሥራ አራት ብለሽ ሙዪው አልኳት። ማን እንዳስተማረኝ ስትጠይቀኝ ጣሊያን ነው ብላት ሳቀች። የቀለድኩ መስሏት ነው።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቀዬአችን በቡሬና ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት ከተማ መካከል፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ጎረቤታችን ትሁን በሰኔ ማርያም ሴት ልጅ ተገላገለች። ባሏ አርበኛ ነው፤ ዱር ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇ ክርስትና ሳይነሳ ሞቶባት ስለነበር፣ ይህችኛዋን በሰማንያ ቀኗ ሳታስጠምቅ እንቅልፍ የሚወስዳት ሴት አልነበረችም። «አንቺ ቁጠሪልኝ፣ እኔ ራሴን አላምነውም» አለችኝ። እኔም በየማለዳው በአንድ የወይራ ዱላ ላይ በቢላዋ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ።

ችግሩ፣ ቤተ ክርስቲያን መሰብሰብ ቀርቶ ነበር። የጣሊያን አውሮፕላን ነጭ የለበሰ ሰው ተሰብስቦ ካየ ዝቅ ይላል፤ ከክረምቱ በፊት ለቅሶ ላይ ቦምብ ጥሎ ሰው ጨርሶብናል። ቄሳችን አባ መርሻ ሕዝቡን አትምጡ ብለው ከዲያቆናቱ ጋር ብቻ ይቀድሱ ነበር። ክርስትና ሳይነሱ የቆዩ ሕፃናትም ብዙ ነበሩ። አውሮፕላኑ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ደስ ባለው ቀን ነው የሚመጣው ይባላል።

ያንን ክረምት አልረሳውም። ጭቃው እስከ ቅልጥም ይውጣል፤ ጎመንና ድንች ቀቅለን እንበላለን፤ ጭጋጉ አንዳንዴ እስከ እኩለ ቀን አይገለጥም። እኔ ደግሞ አመል አለብኝ፣ የያዝኩትን ነገር አልለቅም። አውሮፕላን በመጣ ቀን ዱላዬ ላይ ከዕለቱ ምልክት ጋር መስቀል እሠራ ነበር። ፍልሰታ እንደገባ አንድ ቀን ዱላውን ጭኔ ላይ አድርጌ ብቆጥር፣ መስቀሎቹ በአራተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ ስድስተኛው ቀን ላይ ናቸው። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሠላሳ አራትና አርባ። ስድስት፣ ስድስት! የጎደሉት ሃያ ሁለትና ሃያ ስምንት ናቸው። ሁለቱም ቀን ምን እንደነበረ ትዝ አለኝ፤ ጭጋግ ነበር። በሃያ ሁለተኛው ቀን እንዲያውም ነጎድጓድ ነው ብለን ያለፍነው ድምፅ ነበር። አውሮፕላኑ አልቀረም፤ እኛ ነን ያላየነው። ስድስት እየደመርኩ ወደፊት ሄድኩ፤ ሰባ ስድስት፣ ሰማንያ ሁለት። ሰማንያ ላይ አያርፍም።

ዱላዬን ይዤ ወደ አባ መርሻ ሮጥኩ። እርጋታቸው የሚያናድድ ሰው ነበሩ። አገላብጠው አዩትና እስቲ እንጠብቅ አሉ። በአርባ ስድስተኛው ቀን መጣ። በሃምሳ ሁለተኛውም መጣ። እንዲህ እያለ እስከ ሰባኛው ድረስ አንድም አልሳተ። ሰባ ስድስተኛው ግን እንቁጣጣሽ ላይ ዋለ፤ ጭጋግ ብቻ፣ ድምፅም የለ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ዛሬ ከቀረ አባ የነገሩን ቁጥር ፈረሰ፣ በሰማንያውም ቀን ሊመጣ ይችላል አለ። እኔም ዱላዬን እንደገና ቆጠርኩ። ትሁን ልጇን ታቅፋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

በማግስቱ አባ መርሻ አስጠሩኝ።

«ሃያ ስምንተኛውም ቀን እንዲሁ ነበር አላልሽም?»

«አዎ አባ፣ ጭጋግ ነበር፤ ድምፅም አልሰማንም። በሠላሳ አራተኛው ግን መጣ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ለእናቶቹ ሁሉ ልጆቻችሁን አምጡ ብለው ላኩባቸው።

በሰማንያኛው ቀን ንጋት ላይ ደጀ ሰላሙ በሰው ሞላ። አባ መርሻ ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ቢደርስ የምትጠይቁት እኔን ነው፣ ሌላ ሰው እንዳትይዙ» አሉ።

ክው አልኩ። ስሜን እንኳን አላነሱም። ጸሎቴን ትቼ ቅዳሴው እስኪያልቅ ስብሰለሰል ቆየሁ፤ ቁጥሬን ሰረቁኝ አልኩ። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ ትሁን በደስታ አለቀሰች፣ ሰማዩ ጭጭ እንዳለ ዋለ፤ እኔ ብቻ ተኮሳትሬ። የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሲሰጡኝም አልቀመስኩም።

በሰማንያ ሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መንደሩ ሁሉ ከብቱን ይዞ ወንዝ ዳር ካለው ጫካ ገብቶ ነበር። መጣ። ዝቅ ብሎ ባዶውን ቤተ ክርስቲያን ሁለት ጊዜ ዞረውና ሄደ። ድምፁ ሲርቅ አባ መርሻ እጄን ያዙና በሰው ሁሉ ፊት አቆሙኝ።

«የቆጠረችው የሻረግ ናት» አሉ።

ያን ጊዜም አልገባኝም፤ ለምን ዘገዩ ብዬ ተቀይሜያቸው ነበር። የገባኝ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ቁጥሬ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች የሚፈልጉት እኔን ነበር። እሳቸው ጥፋት ሊመጣ በሚችልበት ቀን ስሜን ደበቁት፣ ምስጋና በሚመጣበት ቀን አወጡት።

ያቺ ሕፃን ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። አባ መርሻ ካረፉ ግን ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ኩርፊያዬን ሳልነግራቸው፣ ይቅርታም ሳልጠይቃቸው ነው የሄዱት። በሕይወት ሳሉ ያላልኳቸውን አሁን ቤተ ክርስቲያን በተሳለምኩ ቁጥር እላቸዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ።