ቆሻሻ ነው ያልኩት ጉድጓድ

ያን የገና ሰሞን ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ከነባሎቻቸውና ከነልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ሊመጡ ተነሱ። በዓሉ ሐሙስ ስለዋለ ዓርብን ፈቃድ ወስደው እስከ እሁድ ሊቆዩ ነበር። ረጅሟ ጓደኛዬ ደውላ «ልጆቹ የቡና ዛፍ አይተው አያውቁም፣ አንቺ ጋ ነው የምናሳልፈው» ስትለኝ «ኑ እንጂ! ቤቱ ቤታችሁ ነው!» አልኩ አፌን ሞልቼ። ክፍሎቼን የቆጠርኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ዲላ ያለኝ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ዘጠኝ እንግዳ ቀርቶ እኔንም በቅጡ አይዘኝም።

ይህን እነሱ አያውቁም ነበር። ተመርቀን ከተለያየን ወዲህ የሚያውቁኝ በስልክ በምልክላቸው ፎቶ ነው፤ በአረንጓዴ ዛፍ፣ በአበባ፣ በጤዛ። ፎቶዎቹን የማነሳቸው ከዲላ ወጣ ብላ ባለችው ጪጩ፣ እናቴ ግቢ ነው፤ ሁልጊዜም ከፊት ለፊት በኩል። ጓሮውን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። እነሱም «ገነት ውስጥ ነው የምትኖሪው» እያሉ ሲጽፉልኝ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብዬ ነበር የማስበው።

ስለዚህ ያለኝ አማራጭ የእናቴ ቤት ብቻ ሆነ። እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻዋን የምትኖር፣ ቡናዋንና እንሰቷን በእጇ የምትንከባከብ ሴት ናት። ዘጠኝ እንግዳ ይዤ እንደምመጣ ስነግራት ደስታዋ ወሰን አጣ። ረቡዕ ዕለት አዲስ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ ፓስታ፣ የፋብሪካ ዳቦ፣ ጭማቂና በረኪና ጭኜ ስደርስ እሷ ቤቱን ጠርጋ፣ ጎመን ቀጥፋ፣ የቅቤ ማሰሮዋን አውርዳ ጠበቀችኝ።

«ቆጮ አወጣለሁ» አለችኝ። «ልጆቹ ትኩስ ትኩሱን ይበላሉ።»

«እማዬ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ ቆጮ አይበሉም።»

«ሰው ቤት መጥተው የቤቱን ሳይቀምሱ?»

«ተይው አልኩሽ እኮ!»

ተወችው። እናቴ ከእኔ ጋር መከራከር የተወችው ደመወዝተኛ የሆንኩ ዕለት ነው። የተማርኩ ስለሆንኩ አውቃለሁ ብላ ታምናለች፤ እኔም ይህን እምነቷን ስጠቀምበት ኖሬያለሁ።

ስለ ጉድጓዱ አሁን ልናገር። ቆጮ የእንሰት ግንድ ተፍቆ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ወራት የሚብላላ ምግብ ነው። እናቴ በየጊዜው ትከፍተዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ቅጠሉን ትቀይራለች፣ ከላይ ድንጋይ ትጭንበታለች። ሽታው እዚያ ላደገ ሰው የጥጋብ ሽታ ነው፤ ላልለመደው ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። የዚያን ጊዜው ጉድጓድ ደግሞ ለወትሮ ቀለብ ብቻ የተቆፈረ አልነበረም። ገደብ ከተማ የምታስተምረው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷት ነበር፤ የምትታረሰውም እናቴ ጋ ነው። እናቴ ለአራሷና ለጠያቂዎቿ ብላ ስድስት ዓመት የጠበቀቻቸውን እንሰቶች ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቆርጣ፣ ፍቃ፣ ቀብራ ነበር። ለአራሷ ገንፎ የሚሆነው ቡላም ለብቻው ተጠቅልሎ እዚያው ተቀምጧል።

ዓርብ ከሰዓት ሁለቱ መኪኖች ግቢ ገቡ። ልጆቹ አምስት ናቸው፤ ትንሹ ገና ዳይፐር ያልተወ ሕፃን፣ ትልቁ የአሥር ዓመት ልጅ። መተቃቀፉ፣ መሳሳሙ፣ «አላረጀሽም!» «አንቺም!» መባባሉ ገና ሳያበቃ የረጅሟ ጓደኛዬ ሴት ልጅ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ማሚ፣ ምንድነው የሚሸተው?»

«ዝም በይ» አለቻት እናቷ፤ ግን እሷም አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ ወደ ጓሮ ስታይ አየኋት። ያቺ አንድ አፍታ ናት የገደለችኝ።

«ውይ፣ ይቅርታ!» አልኩ እየሳቅሁ። «ከጓሮ የቆሻሻ ጉድጓድ አለ። ሰሞኑን እናስደፍነዋለን።»

እናቴ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ቶሎ ቶሎ ነበር የተናገርኩት። እናቴ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው፤ እንዲህ በጥድፊያ ሲነገር አማርኛው አይገባትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንግዶቹን አስታጠበች፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳመች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ቅዳሜ ፀሐዩ ጉድ ነበር። ሰማዩ ላይ ጭረት ደመና የለም። ልጆቹ ከቁርስ በኋላ ቡናው ውስጥ ገብተው ጠፉ፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚሰማው። እናቴ ለእያንዳንዳቸው የእንሰት ቅጠል ቆርጣ እንደ ጥላ እንዲይዙት ሰጠቻቸው። ለቃሚ የሳተውን ቀይ ቡና ከዛፉ ላይ እየፈለገች እያቀመሰቻቸው፣ ጣፋጩን መጥጠው ፍሬውን እንዴት እንደሚተፉ አሳየቻቸው። እስከ እኩለ ቀን «እማማ» «እማማ» እያሉ ቀሚሷ ላይ ተንጠለጠሉ። ወላጆቻቸው ዛፍ ጥላ ሥር ተዘርግተው «ስንት ዓመት እንዲህ አላረፍንም» ይሉኝ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ ስጠብቅ ዋልኩ።

ምሳ ላይ እናቴ ትንሹን ወንድ ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ «ብይ ልጄ፣ ብይ» አለችው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷም አብራቸው ሳቀች።

«ብላ ነው የሚባለው፣ እማዬ» አልኳት በሁሉም ፊት።

«እሺ» አለች፤ ሳቋን አቆመች። ከዚያ በኋላ ልጁን በእጇ እያጎረሰችው ቢሆንም ቃል አልተነፈሰችም። ማንም እንዳርማት አልጠየቀኝም ነበር።

እሁድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ስለሚነሱ ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመሩ። የሁለተኛዋ፣ የሳቂታዋ ጓደኛዬ ባል ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይሆንለት፣ ደግ ሰው ነው። ግቢውን ጠረገ፣ የልጆቹን ብስኩት ወረቀት ለቀመ፣ የሦስት ቀን ዳይፐር በጥቁር ፌስታል አጨቀ። «እንደዚህ አቆሽሸን አንሄድም» እያለ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ጓሮ ሲያመራ እኔ ደጃፉ ላይ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር።

አየሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጀርባውን እያየሁ አንሶላውን ይዤ ቆምኩ። «እዚያ አይደለም» ማለት በቂ ነበር። ግን «ታዲያ የት?» ይለኛል፤ «አንቺ አይደለሽ የቆሻሻ ነው ያልሽው?» ይለኛል፤ ሚስቱ ትሰማለች፤ ረጅሟ ትሰማለች። ፌስታሉ የታሰረ ነው፣ ከቅጠሉ በላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሲሄዱ አነሳዋለሁ አልኩ በሆዴ። አንሶላውን አራት ቦታ አጠፍኩት።

ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና «በረኪና አላችሁ አይደል?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ለሽንት ቤት የገዛኋቸውን ሁለት ጠርሙሶች ከበረንዳው ላይ አነሳ። ያን ጊዜ አንሶላውን ጥዬ ተከተልኩት። ስደርስ ድንጋዩን ፈንቅሎ፣ ቅጠሉን ገላልጦ፣ ፌስታሉን መሃሉ ላይ ዘርግፎት ነበር። ሁለተኛው ጠርሙስ እያለቀ ነው። ባልዲ ሙሉ የልብስ ማጠቢያ ውሃም አብሮ ደፍቶበታል።

«ውስጡ በስብሶ ዝንብ ሊወርሳችሁ ነበር» አለ ላቡን እየጠረገ። «አሁን ሽታው ይጠፋል።»

«አመሰግናለሁ» አልኩት። አዎ፣ አመሰግናለሁ ነው ያልኩት።

እናቴ ስትመለስ መኪኖቹ ተጭነው ነበር። ለልጆቹ ስንቅ የሚሆን አቮካዶ ልትጠቀልል የእንሰት ቅጠል ፍለጋ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔ ከመኪናው አጠገብ ሆኜ ወደ ጓሮው አያለሁ። ቆየች። ዓመት የሚያክል ጊዜ የቆየች መሰለኝ። ስትመጣ ቅጠል ይዛለች።

ሳቂታዋ ጓደኛዬ ቀድማ አቀፈቻት። «እማማ፣ ያ የቆሻሻ ጉድጓድ አስቸግሮዎት ነበር አይደል? ባለቤቴ አጽድቶልዎታል። በረኪና ደፋበት።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። መሬት መሬት ሳይ አገኘችኝ። መሬት ተከፍታ ትውጣኝ የሚባለውን ያን ቀን በደንብ አወቅሁት፤ ግን አትከፈትም።

«አዎ፣ ቆሻሻ ነው» አለች እናቴ፤ አማርኛዋን ቀስ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየመረጠች። «ደግ አደረጋችሁ። ጌታ ይባርካችሁ።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አቮካዶውን አምስት ቦታ ጠቀለለች። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ሰጠች፣ ግንባራቸውን ሳመች። ትንሹ ልጅ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ አልለቅም ብሎ አለቀሰ። መኪኖቹ ከዕይታ እስኪሰወሩ ድረስ እጇን ስታውለበልብ ቆየች።

«እማዬ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዓርብ ዕለት ሰምቼሻለሁ» አለችኝ በጌዴኦኛ። «በእንግዳ ፊት ልጄን ውሸታም አላደርጋትም።» ሌላ ነገር አልተናገረችም። ያሳፈርኳት እኔ፣ እፍረቴን የሸፈነችልኝ እሷ። ብትጮህብኝ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። መጮህ አታውቅበትም።

አመሻሹ ላይ ስልኬ ጮኸ። ረጅሟ ጓደኛዬ ከሐዋሳ ፎቶ ልካልኛለች፤ ዘጠኙም ጠረጴዛ ከበው ይስቃሉ። ከሥሩ «ክትፎ በቆጮ! ልጆቹ ቆጮውን ጨረሱብን፤ እማማ ቤት ቢሆን ኖሮ እንዴት ይጣፍጥ ነበር!» ብላ ጽፋለች። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ከቢሮ ቀርቼ ጉድጓዱን ለማውጣት አብሬያት ዋልኩ። ከላይ ያለውን አንስተን የታቹን እናተርፋለን ብዬ ነበር፤ በረኪናው እስከ ቡላው ድረስ ዘልቋል። እናቴ እፍኝ አንስታ አሸተተችና መለሰችው። እንኳን ለአራስ ለውሻም አይሰጥም። ጎረቤት ሴቶች፣ እንሰቱን አብረዋት የፋቁት፣ ሰምተው መጡና ራሳቸውን ይዘው «ምን ገባበት?» አሉ።

«ውሻ ነው» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ፣ በደንብ ሳልከድነው ቀርቼ።»

እናቴ ስልሳ ዓመት ኖራ ጉድጓድ ሳትከድን የቀረችበት ቀን የለም፤ ሴቶቹም ያውቃሉ። አንደኛዋ አካፋ ይዤ የቆምኩትን እኔን አየችኝ። እኔም አካፋዬን ወደ ጉድጓዱ መለስኩ። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ለማለት የሚያስፈልገው ትንፋሽ ያን ቀንም አልመጣልኝም።

እህቴ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። የጎረቤት ሴቶች እያንዳንዳቸው ከየጉድጓዳቸው ቆጮ፣ ያላቸው ቡላ ይዘው መጡ። እናቴ ለቤቷ አራስ የሰው ምግብ ስትቀበል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዷን ሴት ጎንበስ ብላ ስታመሰግን እኔ ከአልጋው አጠገብ ሕፃኗን ታቅፌ ነበር። ሕፃኗ ተኝታለች፤ የማየው የእናቴን ወገብ ነው።

ከክረምቱ በኋላ አንድ ቅዳሜ ስሄድ እናቴን ቤት አጣኋት። ስጣራ ከታች፣ ከግቢው ግርጌ ከሚያልፈው ወንዝ አጠገብ መለሰችልኝ። ቁልቁለቱን ተንሸራትቼ ወረድኩ። አዲስ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ቅጠል አልብሳ፣ ድንጋይ ጭናበታለች። ለእራት የሚሆን ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ ልትሸከም ስትል ደረስኩ።

«ምነው እዚህ ድረስ? ጓሮው ምን ሆነ?»

«እዚህ ነፋሱ ወደ ወንዙ ነው የሚወስደው» አለችኝ የጥቅሉን ገመድ እያጠበቀች። «እንግዳሽ ሲመጣ አታፍሪም።»

ጥቅሉን ነጥቄ ተሸከምኩት። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። እሷ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትወጣዋለች።