የሲስተር አመተ ማርያም ፊት

ሲስተር አመተ ማርያምን ያወቅኋት በራሴ ጅልነት ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድሁ በኋላ ጉንጮቼ ላይ ማድያት ወጣብኝ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ስለ ቆዳ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ያ ሁሉ እውቀት ግን ስልኬ ላይ ያየሁትን ቪዲዮ ከማመን አላዳነኝም። ጠዋት ሎሚ ቆርጬ ፊቴን አሸሁበት፤ የእረፍት ሰዓት ተረኛ ስለነበርሁም ትምህርት ቤቱ ግቢ መሐል ፀሐይ ላይ ቆሜ ተማሪ ስጠብቅ ዋልሁ። ማታ ፊቴ ቀላ፣ በማግስቱ አበጠ። ሲድን ደግሞ ማድያቱ ከበፊቱ ሰፍቶና ጠቁሮ ቁጭ አለ።

ባለቤቴ «ትንሽ ናት፣ አትታይም» አለኝ። ሲዋሽ አንገቱን ስለሚያክ አወቅሁበት። በነጋታው አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድሁ። የገባሁበት ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት ያልሞላት ቀጠን ያለች ነርስ ተቀምጣለች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችኝ።

«ሎሚ ነው?»

«አዎ።»

«ቀጥለሽም ፀሐይ ላይ ወጣሽ።»

«አዎ።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ባዮሎጂ አስተምራለሁ» ስላት ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አቃታት። ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል እጄን ያዘችና «ተቀመጪ እህቴ፣ እኔም አድርጌው ነው የሳቅሁት» አለችኝ። ጓደኝነታችን የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሲስተር የነገረችኝ ነገር ሁሉ ቀላል ነበር፤ ይህም ትንሽ አሳፈረኝ። መጀመሪያ ጥላ፦ ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ፣ በየቀኑ። ቀጥሎ ምግብ። «ምግብ ማድያትን እንደ ላጲስ አያጠፋም፤ የሚያጠፋ ነው የሚልሽ ካለ ሊሸጥልሽ የፈለገው ነገር አለ። ግን ቆዳ የሚታደሰው ከምትበይው ነው» ትላለች። ከጓሮ ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲም፣ ከቆላ ሲመጣ ፓፓያ፣ በፍስክ እንቁላል፣ በፆም ባቄላና ምስር። ለፊት ደግሞ እሬት፤ ቅጠሉ ተቆርጦ ተዘቅዝቆ ይቆማል፣ ቢጫው መራራ ውሃ ፈስሶ ያልቃል፣ የሚቀባው ውስጡ ያለው ንጹሕ ዝልግልግ ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ክንድ ላይ ተሞክሮ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ክሬም ግን በፍጹም። አልፎ አልፎ እርጎ መቀባትም ትመክራለች። ሁዳዴ ሲገባ ይህ ነገር አስጨነቀኝና ጠየቅኋት፤ እሷም ነገሩን ለአባቷ ወሰደችው። አባቷ በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚያስተምሩት መሪጌታ ገብረ መድኅን ናቸው። «ፊቷን ብታክም ፆም አትፈታም፤ ሰው ስታማ ግን ትፈታለች፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት» ብለው ላኩብኝ። ባለቤቴ በዚህ በጣም ሳቀ።

ስድስት ወር ፈጀ። ማድያቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ነገር ግን ፈዘዘ፣ እኔም መስታወት መሸሽ ተውሁ።

አመተ ማርያምን ግን እንቅልፍ የሚነሣት የእኔ ማድያት አልነበረም። እሷን የሚያንገበግባት የለቅሶ ጥቁረት ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሴቶች ፊታቸውን ይነጫሉ። በጥፍርም ይሁን በሸካራ ጨርቅ፣ ከዓይን ጥግ እስከ ጆሮ ግንድ ደም እስኪወጣ። ቁስሉ አቧራና ፀሐይ ያገኘዋል፣ ይመረቅዛል፣ ሲሽር ጠቁሮ ይቀራል። በሚቀጥለው ለቅሶ ደግሞ እዚያው ላይ ይደገማል። ፊቷን ያልነጨች ሴት «አንጀቷ ደረቅ» ትባላለች። መሪጌታ ገብረ መድኅን አርባ ዓመት ሙሉ በየቀብሩ ቆመው «ይህ ክልክል ነው» እያሉ ገሥጸዋል። ሰዉ «አሜን የኔታ» ይላል፤ በሳምንቱ ሌላ ለቅሶ ሲመጣ ይነጫል።

ልጃቸው ሌላ መንገድ ያዘች። አርብ የገበያ ቀን ስለሆነ ከየቀበሌው የመጡ ሴቶች ጉዳያቸውን ሲጨርሱ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ አረፍ ይላሉ። እሷ መካከላቸው ትቀመጥና ስለ ፊት ታወራለች። ስለ ማድያት ስታወራ ሁሉም ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ይስቃል። «ከሁሉም የሚከፋው ጥቁረት ግን እኛው በእጃችን የምናመጣው ነው፤ መድኃኒቱም እጅን መሰብሰብ ብቻ ነው» ስትል ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ጉንጫቸው ይስባሉ። አራት ዓመት እንዲህ ተናገረች። እኔ ብሆን በሁለተኛው ወር ተሳድቤ እተወው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚከራከሯት እትዬ እጅጋየሁ ነበሩ። በአገሩ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይደምቅም፤ ሙሾ አውራጅ ናቸው። የግራም የቀኝም ጆሮ ግንዳቸው ጠቁሮ ጠጥሯል። አንድ አርብ ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው «ይኼ የወንድሜ ነው፣ ይኼ የባሌ፣ ይኼ ደግሞ የበኩር ልጄ። የልጄ ፎቶ እንኳ የለኝም፤ ያለኝ ይኼ ነው። ጎመን በልተሽ አጥፊው ነው የምትይኝ?» አሏት። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

እትዬ እጅጋየሁ ሲነሡ እንዲህ አሉ፦ «ደግሞስ አንቺ መች ቀበርሽ? እናትሽ ስትሞት ሕፃን ነበርሽ። የራስሽ ሰው ሲሞት አይሻለሁ። ያኔ እጅሽን ከሰበሰብሽ እኔም እሰበስባለሁ።»

ይህ ንግግር ከበረንዳው አልፎ አገር አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ አመተ ማርያምን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚጠብቁት ነገር እንዳለ አነብባለሁ፤ የኔታ አርጅተዋል፣ ሁሉም ያውቃል። የአራት ዓመት ቃሏ በእሳቸው ቀብር ላይ እንደሚመዘን እሷም ታውቃለች። «አባቴን ስቀብር ሰው የሚያየው ሬሳውን ሳይሆን የእኔን እጅ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። እንዴት አሳዘነችኝ!

የኔታ ከጥምቀት በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ታመው ዐረፉ። ሚስታቸው ስትሞት ሕፃን ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ዳዊት ራሳቸው ያስደገሟት፣ ዘመድ ሁሉ «ዳራት» ሲል «ትማር» ብለው ደብረ ታቦር ኮሌጅ የሰደዷት ሰው ነበሩ። መርዶውን እንደሰማን ከመምህራን ጋር ከፊሉን በመኪና ከፊሉን በእግር ቤተ ልሔም ደረስን። ካህናቱ ፍትሐት ላይ ናቸው። ደቀ መዛሙርታቸው እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ሴቶቹ በአንድ ወገን ክብ ሠርተዋል፣ መካከሉ ላይ አመተ ማርያም ቆማለች፤ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ። ሄጄ አጠገቧ ቆምሁ። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሴቱ ሁሉ እጇን ያያል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም አይ ነበር።

እትዬ እጅጋየሁ ወደ ክቡ ገቡና ድምፃቸውን አነሡ፦

«ድጓውን ማን ያዜም፣ ቅኔውን ማን ይፍታ፣
ቤተ ልሔም ቀረች ያለ መሪጌታ።»

አመተ ማርያም «አባቴ!» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። የተጣመሩት እጆቿ ተፈቱ፣ ወደ ላይ ወጡ፣ ጥፍሯ በግራ ጉንጯ ላይ ወረደ። ደግማ ነጨችው። ደሙ ነጠላዋ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ልይዛት እችል ነበር፤ ክንዷ ከክንዴ ጋር ይነካካ ነበርና። አልያዝኋትም። ሲጨንቀኝ የምደርቅ ሰው መሆኔን ያን ቀን አወቅሁ። የያዟት ራሳቸው እትዬ እጅጋየሁ ናቸው፤ ሙሾውን አቋርጠው ሁለት እጇን ጨብጠው «በቃ ልጄ፣ በቃ» አሏት።

ወሬው እኛ ሳንመለስ አርብ ገበያ ገባ። «ነጨች!» ይላል አንዱ፤ «አላልሁም?» ትላለች ሌላዋ። ደስ ያላቸው ነበሩ፣ ያዘኑም ነበሩ። እኔ ግን ተናደድሁ፤ በሰዉም፣ በእሷም፣ ከሁሉ ይልቅ በራሴ።

በስድስተኛው ቀን አርብ ዋለ። አመተ ማርያም ቤቷ ሆና ለቅሶ ትቀበላለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጋውኗን ለብሳ ስትወጣ መንገድ ላይ አገኘኋት። ጉንጯ ላይ ሦስት መሥመር ቁስል አለ። «ፈቃድ አለሽ አይደል? ካልሆነም ተሸፋፈኚ፣ ሰው ይስቅብሻል» አልኋት።

«ይሳቅ። የማይታይ ከሆነ ለምን እወጣለሁ?» አለችኝ።

በረንዳው ከወትሮው እጥፍ ሞልቷል፤ ለማየት ነው የመጡት። እትዬ እጅጋየሁም ጥጉ ላይ አሉ። አመተ ማርያም መካከላቸው ተቀመጠችና ባርኔጣዋን አውልቃ ፊቷን ለሁሉም በየተራ አሳየች።

«ነጨሁት» አለች። «ለእናንተ አትንኩ ያልሁትን በራሴ ላይ አደረግሁት። አልዋሻችሁም፣ እጄ ሲነሣ አላየሁትም። አሁን ገባኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ እጃችሁን ሰብስቡ ስላችሁ ቀላል አድርጌው ነበር። ይቅር በሉኝ።»

ባርኔጣዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። መንጨት ሐዘን ያቀልላል ትሉኝ ነበር። አላቀለለልኝም። አባቴ ዛሬም የለም፣ ፊቴም ያቃጥለኛል።» እጅጌዋን ሰበሰበች። «እንግዲህ ቁስል አለን። ጥቁረት እንዳይሆን ምን እንደምናደርግ በእኔው ላይ እናየዋለን። ውሃና ሳሙና አምጡልኝ።»

እዚያው እፊታቸው በንጹሕ ውሃ አጠበችው። ቫዝሊን ስስ አድርጋ ቀባችው። እከኩን እንደማይነካኩት፣ ቅቤም ቅጠልም እንደማይጭኑበት፣ እስኪሽር ከፀሐይ እንደሚጋርዱት፣ እሬቱ የሚመጣው ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ መሆኑን ነገረቻቸው። አንዷ «ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እህል አይወርድለትም እኮ» ስትላት «ቁስል በባዶ ሆድ አይሽርም፤ ለቅሶ ስትደርሱ ለሐዘንተኛዋ ቡናና ቆሎ ብቻ ሳይሆን የባቄላ ወጥና ጎመን ይዛችሁ ሂዱ» አለቻቸው።

በየሳምንቱ አርብ እንዲሁ ሆነ። በሁለተኛው አርብ እከኩ ለቋል፤ በአራተኛው ከሥሩ ሐምራዊ ቆዳ ወጥቷል። ሁዳዴውን በሙሉ ያለ ባርኔጣ ከቤት አልወጣችም፤ ጎመኗንም ባቄላዋንም በረንዳው ላይ እያሳየቻቸው በላች። ሴቶቹ እየተጠጉ ጉንጯን በጣታቸው ይነካሉ፣ እሷ ዝም ብላ ትነካላቸዋለች። እፍረቷን እንዲህ ለሰው ጥቅም የሰጠ ሰው ከእሷ በቀር አላየሁም፤ እኔ የሎሚዋን ነገር እንኳ ለተማሪዎቼ የተናገርሁት ከእሷ ከተማርሁ በኋላ ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ ከሦስቱ መሥመር ሁለቱ ጠፍተው አንዱ ሊታይ የቀረው በጭንቅ ነበር። ያን አርብ ሌሎቹ ሲሄዱ እትዬ እጅጋየሁ ከእኔና ከአመተ ማርያም ጋር ቀሩ። መጥተው አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯትና ብዙ ጊዜ ሲያዩዋት ቆዩ።

«የእኔስ ይለቃል?» አሏት።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም፤ የቆየ ነው፣ ጨርሶ አይለቅም። ትንሽ ይፈዝ ይሆናል።»

«እሱስ ይቅር፣ ይኑርልኝ። ልጄ እኔን ስትፈልግ ወደ አንቺ የምትደውልበት ስልክ ቁጥር አለሽ አይደል? ትዕግሥትን ደውዪልኝ።»

ትዕግሥት የእትዬ እጅጋየሁ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ሆና ትኖራለች። አመተ ማርያም ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው። እትዬ እጅጋየሁ በለቅሶ በለመደው ድምፃቸው ጮኸው ያወራሉ፤ ድምፅ ማጉያው ስለተከፈተ የልጅቱም መልስ ለእኛ ይሰማል።

«ትዕግሥት! እኔ ስሞት ፊትሽን እንዳትነኪ!»

«እማዬ! ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ? የት ነሽ?»

«ምንም አልሆንሁ። ገዝቼሻለሁ፤ ነክተሽ እንደሆን ከግዝቴ አልፈታሽም ነው የምልሽ።»

«እማዬ እያስፈራሽኝ ነው፤ ማን አለ አጠገብሽ?»

«አመተ ማርያም አለች። አልቅሺልኝ፣ እጅሽን ግን ሰው ይያዝልሽ። ጠርተሽ አስይዢ፤ ብቻሽን አትችይውም፤ እሷም ብቻዋን አልቻለችው።»

ልጅቱ ስታለቅስ በስልኩ ተሰማ። እትዬ እጅጋየሁ ስልኩን ለአመተ ማርያም መልሰው ነጠላቸውን አጣፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«አንቺ አስተማሪዋ፣ ያን ቀን አጠገቧ ነበርሽ» አሉኝ። «በሚቀጥለው ያዢ።»