ሰፌዱ ላይ የጎደለው ቡሎን

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ብርድ ልብስ ማጠፍ ነው። በረንዳው ላይ ቆመን አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። ወደ ጎን ሲስብብኝ፣ «አታጣመው፤ ቀጥ አድርገህ ሳብ» አልኩት። «ካምቢዮ አደረግሽው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በዚያው ሳምንት ታመመ፤ ከዚያም አልተነሣም።

የካምቢዮው ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ፒያሳ አትክልት የምናመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችን። ሐረጎ ዳገት ላይ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮኗ ተቃጠለ። ጋራዦቹ በመንግሥት መኪና ተጨናንቀው ስለነበር፣ ባለቤቴ «ራሴ እቀይረዋለሁ» አለ። አዲሱን ፍሪሲዮን እንደ ምንም አገኘን። ወደ እሱ ለመድረስ ግን የማርሹ ሣጥን፣ ካምቢዮው፣ ከሞተሩ መላቀቅ አለበት። ሁለቱ የሚገጥሙበት ደወል የሚመስለው ሽፋን አሉሚኒየም ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ምትክ አይገኝለትም፤ መኪናዋ ቆመች ማለት ነው፣ እኛም አብረናት።

ባለቤቴ ሰፌዴን ወሰደብኝ። ሲመልስ እንዳይምታታበት፣ የፈታውን ቡሎን ሁሉ በሽፋኑ ዙሪያ እንደነበረበት አድርጎ ሰፌዱ ላይ በክብ ይደረድራል። «ግራሶ አስለመድከው፤ ከእንግዲህ እህል አይነፋበትም» ብልም አልሰማኝም።

ቡሎኖቹ ሁሉ ወጡ። ካምቢዮውን በክሪክ ደግፎ ሳበው። ንቅንቅ አላለም። ጡረታ የወጡት ሾፌር ጎረቤታችን ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው ያያሉ።

«እነዚህማ ኒካህ አስረዋል፤ አይፋቱም» አሉ።

«ዛሬ እፈታቸዋለሁ አባባ፣ ወላሂ!»

«እንግዲያው መሮ አስገባና በመዶሻ በለው። ሚስትህን ትፈራለህ እንጂ ብረት ምን ያስፈራሃል?»

ባለቤቴ ትልቁን መዶሻ አነሣ። ሲመታው ማየት ስላልቻልኩ ዓይኔን ወደ ሰፌዱ መለስኩ። ቡሎኖቹ እኩል እኩል ተራርቀዋል፤ ከላይ በኩል ብቻ አንድ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«ቆይ፣ በአላህ! እዚህ ጋ ምን ነበር?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

«ሌላው እኩል ሆኖ ይኼ ለምን ባዶ ይሆናል?»

«ምስር እየለቀምሽ መሰለሽ?» አለኝ። መዶሻውን ግን አስቀመጠ።

የእሱ እጅ ወፍራም ስለሆነ እዚያ አይገባም። እኔ ከሥር ገብቼ እጄን በካምቢዮው ላይ አሻግሬ ላክሁ። የስንት ዓመት አቧራና ዘይት እንደ ጭቃ ደርቋል። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው የቡሎን ጠርዝ ጣቴን ነካው።

«አለ!» አልኩ።

 «ብመታው ኖሮ ሽፋኑ ይሰነጠቅ ነበር» አለ። መፍቻውን አቀበለኝ፤ እኔ የቡሎኑ ራስ ላይ ያዝኩለት፣ እሱ እጀታውን በጎን በኩል ገፋው። ቡሎኑ ጮኸ፤ ከዚያ ላላ።

«ቢስሚላህ» ብሎ ካምቢዮውን ያዘ።

«አታጣመው፤ ቀጥ አድርገህ ሳብ!»

መጀመሪያ የጣት ውፍረት ያህል ተከፈተ። ከዚያ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ባለቤቴ የሽፋኑን ጠርዝ ዙሪያውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ጭረት እንኳ የለም። እዚያው በጀርባው ተዘርሮ መሳቅ ጀመረ። እኔም አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ቀን አንገቴ ላይ ታስሮ የነበረ ነገር የተፈታ ያህል ቀለለኝ።

«ፈታሃቸው አይደል፣ አንተ ጨካኝ?» አሉ ጎረቤታችን።

«ነገ መልሼ አጋባቸዋለሁ፤ እርስዎ ምስክር ይሆኑኛል።»

አጋባቸውም። መኪናዋ ሐረጎን ብዙ ዓመት ወጣች፣ ወረደች። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ባለቤቴ መንዳት ያስተማረኝም በእሷ ነው።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ የኀዘን ጊዜዬን፣ ኢዳዬን፣ ከጨረስኩ ወዲህ ከኮምቦልቻ ወደ ፒያሳ አትክልት እየነዳሁ የማመጣው እኔ ነኝ።