እፍኝ ጤና አዳም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ስዘረዝርላቸው ይቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። «ጥንቸል?» ብለው እንዳይስቁብኝ ነው ስል ኖርኩ። ውሸት ነው። የፈራሁት ስለ ልጅቷ እንዳይጠይቁኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ጉለሌ ባለው ግቢያችን፣ አባቴ ለእኔ ብሎ የሠራቸው ሁለት የኋላ ክፍሎች ትርፍ ቤት ተብለው ተወረሱ። ቀበሌው ወይዘሮ አሰለፈችን ከነልጇ አስገባባቸው። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነበረች። «እሜቴ፣ ዛሬም ከስብሰባ ቀሩ? ቤቱን ስንወርስ እመቤትነቱን ረስተነው ኖሯል!» ትለኝ ነበር፣ ጎረቤት እየሰማ። ጎረቤትም ይስቃል። እኔ የምን እመቤት ነኝ? ወጣትነቴን የፈጀሁት ፈረንጅ ቤት በሞግዚትነት ነው። ያን ሳቅ አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።

ልጇ ሰናይት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አጎቷ ሁለት ጥንቸሎች አምጥቶላት ደረቅ ሣር ብቻ ታበላቸው ነበር። እኔ ፈረንጆቹ ቤት ጥንቸል መመገብ ተምሬአለሁ፤ ጓሮዬም አትክልት ነበረው። አንድ ቀን መጥታ «እትዬ ብርቄ፣ ቅጠል ልስጣቸው?» አለችኝ።

አስተማርኳት። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው፤ በደንብ አስተማርኳት። ቅጠሉን እጠቢ፣ ውሃውን አራግፊ። አዲስ ቅጠል በቀን አንድ ዓይነት ብቻ፣ ያውም ከጣትሽ የማይበልጥ። እስከ ነገ ጠብቂና በጠጣቸው ካልላላ ጨምሪላቸው። በካሮት ቅጠል ጀመርን፣ ከዚያ ድንብላል፣ ከዚያ በሶብላ። የድንችና የቲማቲም ቅጠል ግን በፍጹም። ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች። በየማለዳው ደጄ ላይ ቆማ «እትዬ፣ በጠጡ ደህና ነው!» ብላ ስትጮህ እስቅ ነበር። ወድጃት ነበር? ወድጃት ነበር መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ገመድ ይዛ መጣችና ጓሮዬን ለካችው። ለቀበሌው የጋራ አትክልት ቦታ ይሆናል አለች። የቀረችኝን ያችኑ ጓሮ።

በማግስቱ ልጅቷ መጣች። እንስቷ ጥንቸል አርግዛ ነበር፤ መብላት እምቢ ብላለች።

«እኔ ሆዴን ሲያመኝ እማዬ ጤና አዳም ነው የምትሰጠኝ። ለእሷስ ልስጣት?»

በሰፈራችን ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ነው፤ ለክፉ ዓይንም እሱው ነው። ማንንም ብትጠይቅ ሳያውቅ አዎ ይላት ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር። ፈረንጇ እጄን ይዛ፣ ይህ ቅጠል ጥንቸል ይገድላል፣ ላረገዘችማ ይብሳል ብላ አስጠንቅቃኛለች። እያወቅኩ «ስጫት» አልኳት። ይህም አልበቃኝም። ከገዛ ጓሮዬ፣ በገዛ እጄ ቀነጠስኩላት። እፍኝ ሙሉ። ከጣትሽ አይብለጥ አላልኳትም።

ሰኞ ማለዳ ደጄ ላይ የጮኸ የለም።

ጥንቸሏ ሞታ ተገኘች። እናትየው «አንቺ ነሽ የገደልሻት!» እያለች ልጅቷን ስትገርፋት በመስኮት አየሁ። አልወጣሁም። ምን እጠብቅ ነበር? ልጅቷ ስሜን እንድትጠራ። አልጠራችኝም። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ጥንቸል ለአጎቷ መለሰችለት። ጓሮዬን ግን ቀበሌው ረስቶት ቀረ፤ ማንም አልወሰደውም።

ዘንድሮ አሰለፈች ሞተች። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ፤ ሰው ይታዘበኛል ብዬ እንጂ አዝኜ አይደለም። ሰናይት፣ ራሷ ሸብታ፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ያቺን ጥንቸል ያስታውሷታል? እርስዎ ከጣት አይብለጥ ብለውኝ ነበር። እኔ እፍኙን ሁሉ ሰጠኋት። ልጆቼን እንኳ እንስሳ አላስነካቸውም፤ እጄ ጥሩ አይደለም።»

ያኔ መናገር እችል ነበር። አጠገባችን ሰው አልነበረም። እኔ ምን አልኩ?

«ልጅ ነበርሽ» አልኳት። «ተይው፣ እግዜርም አይቆጥርብሽም።»

እጄን ይዛ ሳመችኝ። የገደልኩት እኔ፣ ይቅር ባይዋም እኔ ሆንኩ።

እናቷን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ያደረገችኝን ታውቃለች። ስለ ልጅቷ ግን የማቀርበው ምክንያት የለኝም። አሁን የምትኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከእኔ ቤት በእግር ይደረሳል። ለቅሶው ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል። አልሄድኩም።